የዳታ ትንተና ትምህርት ከየት ይጀምር?

ለንግድ ውሳኔ የሚያገለግል ከፍተኛ የዳታ ትንተና ለመማር የሚነሡ ሰዎች፣ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ሆኑ የባንክ ባለሙያዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ኤክሴል ይበቃል ወይስ ፓይተን ያስፈልጋል? ፓወር ቢአይ ይሻላል ወይስ ኤስኪውኤል?» ብለው ነው። ማሠልጠኛ ተቋማትም ማስታወቂያቸውን የሚያዘጋጁት ለዚሁ ጥያቄ መልስ በሚሆን መልኩ ስለሆነ ትምህርቱ በሶፍትዌር ስም ይሸጣል፣ የምስክር ወረቀቱም የሶፍትዌሩን ስም ይዞ ይወጣል። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመ ነው። ትንተናን «ከፍተኛ» የሚያሰኘው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ከምን ጋር መነጻጸር እንዳለበትና የትኛውን ውሳኔ ሊለውጥ እንደሚችል የመለየት ችሎታ ሲሆን፣ መሣሪያው የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ለብዙ ድርጅቶች አይዋጥላቸውም፤ ይኸውም ይህን ችሎታ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ወጣቱ ባለሙያ ሳይሆን ውሳኔውን የሚፈርመው ኃላፊ ነው የሚለው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 በኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ዳታ ሳይንስን ከመሠረታዊ ኮርሶቹ አንዱ አድርጎ በነጻ አቅርቧል፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በመስፋፋቱም ቀድሞ በደረሰኝ ጥራዝ ውስጥ ይቀር የነበረው የግብይት መዝገብ በዲጂታል መልክ መከማቸት ጀምሯል። የሚማረው ሰው እየበዛ፣ የሚተነተነውም ዳታ እየበዛ በሚሄድበት በዚህ ወቅት፣ ትምህርቱ በተሳሳተ በር ከተገባበት ስህተቱም በዚያው መጠን ይበዛል።

ከቢራ ፋብሪካ የወጣ ስሌት

የዚህን አቋም መሠረት ለማየት፣ ከዘመናዊው ስታቲስቲክስ ዋና ዋና ምዕራፎች አንዱ የተጻፈበትን ቦታ ማስታወስ ይጠቅማል። ቦታው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስ የተመረቁ ወጣቶችን መቅጠር ጀምሮ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ኬሚስትሪና ሒሳብ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1899 ሥራ የጀመረው ዊልያም ሲሊ ጎሴት ነው። የፋብሪካው ጥያቄዎች ተራ የንግድ ጥያቄዎች ነበሩ፦ የትኛው የገብስ ዘር ይገዛ? ከዚህ ጭነት ብቅል የሚወጣው ጭማቂ ቢራው ለሚፈልገው ጥንካሬ ይበቃል ወይ? መልሱ የሚገኘው ከናሙና፣ ማለትም ሙሉውን ወክሎ እንዲመረመር ከሚወሰድ ጥቂት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ምርመራ ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። በዘመኑ የነበረው የስታቲስቲክስ ዕውቀት ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ምልከታዎች ላይ የተገነባ ስለነበር፣ በእጁ አራት ወይም አምስት ምርመራ ብቻ ላለው ሰው እምብዛም የሚረዳው አልነበረም።

ጎሴት ከብቅል ምርመራዎቹ ተነሥቶ ያገኘው ውጤት በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። የሁለት ምርመራዎች አማካይ፣ የብቅል ጭማቂ በሚለካበት ዲግሪ ከትክክለኛው መጠን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ያለመራቁ ዕድል 4 ለ1 ሆነ፤ ምርመራው ሦስት ሲሆን 7 ለ1፣ አራት ሲሆን 12 ለ1፣ አምስት ሲሆን 19 ለ1 ደረሰ። ፋብሪካው 10 ለ1 የሆነ መተማመን ካገኘ ለሥራው ስለሚበቃው፣ አራት ምርመራ ማድረግ በቂ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ስንት ምርመራ ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው ሒሳቡ ብቻውን አለመሆኑ ነው፤ ሒሳቡ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ምርመራ የሚገኘውን መተማመን አሳየ፣ ፋብሪካው ደግሞ የስህተቱን ዋጋ ከምርመራው ዋጋ ጋር አመዛዝኖ የት ላይ መቆም እንዳለበት ወሰነ። ጎሴት ለታዋቂው የስታቲስቲክስ ሊቅ ለካርል ፒርሰን በጻፈው ደብዳቤም፣ የሚፈለገው የእርግጠኝነት ደረጃ ከውጤቱ በሚገኘው የገንዘብ ጥቅምና ሙከራውን ለማብዛት በሚወጣው ወጪ መካከል ባለው ንጽጽር የሚወሰን መሆኑን አመልክቷል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ወደ ለንደን ልኮት ከፒርሰን ዘንድ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1908ም «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ጥናቱን አሳተመ፤ ድርጅቱ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና። በሁለት አማካዮች መካከል የሚታየው ልዩነት በአጋጣሚ ሊፈጠር ይችል እንደሆነ የሚመዝነውና ዛሬ በሕክምናም በግብርናም ምርምር የሚሠራበት የቲ-ፈተና ከዚህ ጥናት የመነጨ ነው።

ጎሴት ኮምፒዩተር አልነበረውም። ያኔ ብዙ ድካም ይጠይቅ የነበረውን ስሌት ዛሬ ማንኛውም የኤክሴል ተጠቃሚ በአንድ ቀመር ይሠራዋል፤ ነገር ግን ኤክሴል ለድርጅቱ ምን ያህል መተማመን እንደሚበቃው አይነግረውም፤ የትኛው ስህተት ከየትኛው እንደሚከፋም አያውቅም። እነዚህ ዛሬም ሰው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእነርሱ የሚሆን ሥልጠና ግን በማስታወቂያዎቹ ላይ አይታይም።

የጾም ወራትና የጳጉሜን ቀናት

ችግሩ በኢትዮጵያ ምን መልክ እንዳለው ለማየት አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት ይታሰብ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የሚያዝያ 2016ን ሽያጭ ከሚያዝያ 2015 ጋር የሚያነጻጽር ዳሽቦርድ፣ ማለትም ዋና ዋና ቁጥሮችን በሥዕልና በቀለም ሰብስቦ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ቀርቦለታል። ቀዩ ቀስት ወደ ታች ያመለክታል፤ የወሩ ሽያጭ ክፉኛ ወድቋል። ሥራ አስኪያጁ የሽያጭ ኃላፊውን ሊገሥጽ፣ ዋጋ ሊቀንስ ወይም ለማስታወቂያ ተጨማሪ በጀት ሊመድብ ይችላል። ይሁን እንጂ በ2015 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ቀን ስለነበር፣ ከበዓሉ ቀን ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ወተትና ቅቤ የሚበላባቸው 23 ቀናት ነበሩ፤ ያውም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። በ2016 ግን ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ በወሩ ውስጥ የቀሩት የፍስክ ቀናት አራት ብቻ ነበሩ። በ2017 ደግሞ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 12 ተመልሷል፤ ስለዚህ ያው ዳሽቦርድ በዓመቱ አረንጓዴ ቀስት ያሳያል፣ ምናልባትም ዋጋ የቀነሰው ሥራ አስኪያጅ ዕድገቱን ለራሱ ውሳኔ ይቆጥረዋል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድም ቁጥር ስህተት የለበትም። ሽያጩ በትክክል ተመዝግቧል፣ ድምሩም ትክክል ነው፣ ሰሌዳውም ያምራል። የተበላሸው ንጽጽሩ ነው፤ ፈውሱም ወርን ከወር ማመሳሰልን ትቶ ቀናቱን ከፋሲካ ባላቸው ርቀት ማሰለፍ፣ ለምሳሌ ከበዓሉ በፊት ያለውን ሦስተኛ ሳምንት ካለፈው ዓመት ሦስተኛ ሳምንት ጋር ማነጻጸር ነው። የረመዳን ወርም በየዓመቱ በ11 ቀናት ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ፣ የቴምር፣ የዱቄትና የዘይት ነጋዴም ተመሳሳይ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። በውጭ አገር የተዘጋጀ የትንበያ ሶፍትዌር የዲሴምበር 25ን የገና ገበያ በራሱ ሊያውቅ ይችላል፤ ዐቢይ ጾም በዚህ ዓመት መቼ እንደሚገባ ግን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ይህን የሚነግረው ሰው ፓይተን የማያውቅ፣ ለሃያ ዓመት ቅቤ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ ትንተናውን ከፍተኛ የሚያደርገውም የእርሱ ዕውቀት ወደ ሰሌዳው የገባ እንደሆነ ነው።

ከንጽጽሩ በታች ደግሞ የአመዘጋገብ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ኤክሴል ውስጥ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይረዳዋል። ነሐሴ 30 ቀን 2015 የተሰጠና መስከረም 1 ቀን 2016 የተመለሰ የዱቤ ዕቃ 30/12/2015 እና 1/1/2016 ተብሎ ቢመዘገብ፣ ኤክሴል በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2 ቀን ነው ይላል፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት እውነተኛው ልዩነት 7 ቀን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 በ30/2/2016 መልክ ሲጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ተወስዶ ከቀን ስሌት ውጭ ይቀራል። ጳጉሜን 5 ቀን 5/13/2016 ተብሎ፣ ወርን ከቀን በሚያስቀድም አሠራር በተዘጋጀ ኮምፒዩተር ላይ ከተጻፈ ደግሞ ሳይነገር ሳይታወቅ ሜይ 13 ይሆናል። በሦስቱም ጊዜ ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ አያወጣም። ዱቤ በስንት ቀን ይሰበሰባል፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል የሚሉ ስሌቶች በዚህ መዝገብ ላይ ከቆሙ፣ በላያቸው የሚሠራ ሞዴል የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ከመሠረቱ የተናጋ ነው። የዋጋ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለደረሰ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ሽያጭ በብር ብቻ የሚያነጻጽር ድርጅት የዋጋ ንረቱን የራሱ ዕድገት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የተሸጠው ብዛትና የተሸጠበት ዋጋ ተለይተው መታየት አለባቸው።

አብሮ መሄድና ማስከተል

ከንጽጽር ቀጥሎ የሚመጣውና በእውነት አስቸጋሪ የሆነው ትምህርት በተዛምዶና በመንስኤ መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ነው። ተዛምዶ ሁለት ነገሮች አብረው ከፍ ወይም ዝቅ ማለታቸው ሲሆን፣ መንስኤ ግን አንዱ ሌላውን ማስከተሉ ነው፤ የንግድ ውሳኔ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፣ መዝገብ የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ኩባንያው ሰዎች በመፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ስሙን ሲጽፉ ከላይ ለሚወጣው ማስታወቂያ ይከፍል ነበር፤ ማስታወቂያውን የተጫኑ ሰዎችም ብዙ ስለሚገዙ ወጪው አትራፊ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታዴሊስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ክፍያው በአንዳንድ መፈለጊያዎች ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ተመለከቱ፤ ከጎብኚው 99.5 በመቶ የሚሆነው ማስታወቂያው ባይኖርም በነጻው መስመር መጣ። ቀጥሎም በአሜሪካ ውስጥ በዕጣ በተመረጡ አካባቢዎች ሌሎችን ማስታወቂያዎች አቋርጠው ካልተቋረጠባቸው አካባቢዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ማስታወቂያው ለውጥ የሚያመጣው በአዲስና አልፎ አልፎ በሚገዙ ደንበኞች ላይ ሆኖ፣ አብዛኛው ገንዘብ የሚፈሰው ግን ድሮውንም ሊገዙ ወደሚመጡ ነባር ደንበኞች እንደሆነ አገኙ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል።

የዚህ ጥናት ጉልበት ያለው በዕጣው ላይ ነው። በዕጣ የተከፈሉ ሁለት ቡድኖች በሌላው ነገር ሁሉ በአማካይ ስለሚመሳሰሉ፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት በተደረገው ነገር የመጣ ነው ለማለት ያስደፍራል። ለአዲስ ዓመት የዋጋ ቅናሽ ያደረገ ሱፐርማርኬት በጳጉሜን ሽያጩ ስለጨመረ ቅናሹ ሠርቷል ሊል አይችልም፤ ቅናሽ ባይኖርም ሕዝቡ ለበዓል ይሸምታልና። ስድስት ቅርንጫፎች ካሉት ግን ሦስቱን በዕጣ መርጦ ቅናሹን በእነርሱ ብቻ ቢያደርግ፣ የጥቂት ቅርንጫፎች ንጽጽር ፍጹም ባይሆንም፣ ከማንኛውም ዳሽቦርድ የተሻለ መልስ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ፣ ከዚያም በላይ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ነው።

የብድር ጉዳይ ይህን ነጥብ ይበልጥ ያከብደዋል። በ2014 ክረምት በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ በቴሌብር አማካይነት ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመረው ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር፣ የደንበኛውን የግብይት ባሕርይ አይቶ ብድር የመፍቀድን አሠራር ወደ ብዙ ሰው አድርሷል። ማንም አበዳሪ ተቋም «ብድሩን የሚመልሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መዝገቡን ሲመረምር የሚያገኘው ቀድሞ ብድር የተፈቀደላቸውን ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው። የተከለከለው ሰው ቢበደር ኖሮ ይመልስ ነበር ወይስ አይመልስም የሚለው በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ በቂ የግብይት ታሪክ ስለሌላት የተከለከለች የጉልት ነጋዴም በሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ውስጥ እንደገና ትከለከላለች፣ ሞዴሉ ስለእርሷ የተማረው አንዳች ነገር ስለሌለ። ይህን ክፍተት ሊያሳይ የሚችለው፣ ተቋሙ ሊሸከመው በሚችለው መጠን፣ ከመስፈርቱ ጥቂት ዝቅ ላሉ አመልካቾች ትንሽ ብድር በዕጣ ፈቅዶ መከታተል ነው። ይህ የሶፍትዌር ዕውቀት የማይጠይቅ፣ ነገር ግን የሰዎችን ኑሮ የሚነካ ውሳኔ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር ደግሞ የደንበኛን መዝገብ ለምን ዓላማ መጠቀም እንደሚፈቀድ ማወቅም የትንተናው አካል እንጂ ለሕግ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም።

መሣሪያውን የማያውቅ ምን ይተነትናል?

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የሥራ ገበያው ነው፤ ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ የሚጠይቁት ኤክሴልን፣ ኤስኪውኤልንና ፓወር ቢአይን ስለሆነ፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት በመሣሪያ ቢጀምር አይፈረድበትም። መሣሪያን አለማወቅም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የከሰረው የአሜሪካው ባንክ የጄፒ ሞርጋን የለንደን ክፍል አደጋን ይለካበት የነበረው ሞዴል፣ ቁጥሮች በእጅ ከአንዱ የኤክሴል ሠንጠረዥ ወደ ሌላው እየተገለበጡ የሚሠራበት ነበር፤ ከቀመሮቹም በአንዱ ላይ በሁለት ቁጥሮች አማካይ መካፈል ሲገባው በድምራቸው ተካፍሎ ስለነበር የአደጋው መጠን ካለው በታች ሆኖ ታይቷል። ስለዚህ መሣሪያን በጥንቃቄ ማወቅ ግዴታ ነው። ተቃውሞው የማያስረዳው ግን፣ ያንን ቁጥር የተቀበሉ ኃላፊዎች አደጋው በድንገት ለምን እንደቀነሰ አጥብቀው ያለመጠየቃቸውን ነገር ነው፤ ለዚህ የሚያበቃው ዕውቀት ከቀመር አጻጻፍ ትምህርት አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልምድ ነው። መርካቶ ውስጥ ያደገ ነጋዴ ያለ አንዳች ሠንጠረዥ ዋጋ መቼ እንደሚጨምር ያውቃል፣ የደንበኛውንም ታማኝነት ከፊቱ ያነባል፤ ታዲያ ትንተና ምን ይጨምርለታል? ይህ ሙግት ክብር ይገባዋል፣ ቀደም ሲል እንደተገለጸውም የነጋዴው ዕውቀት ለትንተናው ራሱ መነሻ ነው። ድክመቱ የሚታየው ንግዱ ከባለቤቱ ዓይን ሲርቅ ነው፤ አንድ ሱቅ የነበረው ሰው በአምስት ከተሞች ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ በሐዋሳና በደሴ ያሉትን ደንበኞች ፊት ማየት አይችልምና ከመዝገብ ሌላ ዓይን የለውም። ልምድ ሌላም ችግር አለበት፤ የተሳኩትን ግምቶች ያስታውሳል፣ ያልተሳኩትን ይረሳል። ነጋዴው ግምቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያኖርና ከውጤቱ ጋር በየወሩ ቢያስተያየው፣ ልምዱ የት እንደሚያዋጣውና የት እንደሚያስተው ራሱ ይገነዘባል።

ሦስተኛው «ዳታችን ቆሻሻ ስለሆነ ከፍተኛ ትንተና አያምርብንም» የሚል ነው። ይህ ትሕትና ቢመስልም ሥራን ማቆያ ሰበብ ነው፤ ለጎሴት ፋብሪካ አራት ምርመራ ብቻ በቂ ሆኖ ነበር።

አራተኛው አዲስ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትንተናውን ራሱ ስለሚሠራ መማር ድካም ብቻ ነው ይላል። መሣሪያው ቀመር በመጻፍና ሠንጠረዥ በማጽዳት ረገድ የሰውን ጊዜ እንደሚቆጥብ የሚካድ አይደለም፤ እንዲያውም ይህ እውነት ከሆነ በሶፍትዌር ላይ የተመሠረተው ትምህርት ከሁሉ ቀድሞ ዋጋ ያጣል። ሞዴል ግን ለውሳኔ ብቻውን አይበቃም፤ በአሜሪካ የቤቶችን ዋጋ በኮምፒዩተር ሞዴል በመተንበይ ቤት እየገዛ ይሸጥ የነበረው ዚሎው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ይህን ሥራውን ለመዝጋትና ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን ለመቀነስ መወሰኑን አስታውቋል፤ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ በእጁ ባሉ ቤቶች ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የዋጋ ቅነሳ መዝግቦ ነበር። ኩባንያው የዳታም የባለሙያም ችግር አልነበረበትም። የቤትን ዋጋ ለመረጃ ያህል መገመትና በዚያ ግምት የራስን ገንዘብ ማውጣት ግን የተለያየ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው ላይ ይቅር የሚባል ስህተት በሁለተኛው ላይ ኪሳራ ነው። ይህን ልዩነት የሚመዝነው ውሳኔውን የሚወስደው ሰው ነው።

ማን ይማር፣ በምን ቅደም ተከተል ይማር

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ትምህርቱ አሰጣጥ ሲመለስ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ሠልጣኙ በድርጅቱ በቅርቡ የሚወሰን አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዞ መምጣትና ከማንኛውም ስሌት በፊት «ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ይህን፣ እንዲያ ከሆነ ያንን እናደርጋለን» የሚል አንድ ገጽ መጻፍ አለበት። የትኛውም ውጤት ውሳኔውን የማይለውጠው ከሆነ ትንተናው መሠራት የለበትም፤ ብዙ ሪፖርቶች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ቀጥሎ መዝገቡ እንዴት እንደተሰበሰበ፣ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው የቀን አቆጣጠር እንደተጻፈና ማን እንዳልተካተተበት ይጠናል። ኤክሴልን በሚገባ ማወቅ፣ ከዚያም ከትላልቅ የዳታ ማከማቻዎች የሚፈለገውን መርጦ ለማውጣት የሚያገለግለውን ኤስኪውኤልን መማር በዚህ ላይ ይደረባል፤ የናሙናና የስህተት ክልል ትምህርት፣ የዕጣ ሙከራ አሠራርና ትንበያ ተከትለው ይመጣሉ። ፓይተን የሚያስፈልገው ሥራው ከሠንጠረዥ አቅም በላይ ሲሆን ወይም በየቀኑ ሲደጋገም ነው፤ ብዙዎች ግን የሚጀምሩት ከእርሱ ነው፣ ከዚያም የውጭ አገር ናሙና ዳታ ላይ ተለማምደው የራሳቸውን ድርጅት የሽያጭ መዝገብ ሳይከፍቱ ኮርሱን ይጨርሳሉ።

የኃላፊዎች ሥልጠና ከዚህ ይለያል። ሥራ አስኪያጅ ኮድ መጻፍ አያስፈልገውም፤ የቀረበለትን ቁጥር ግን «ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? እነማን ቀርተዋል? ይህን ባናደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ «አላውቅም፣ ለማወቅ ሁለት ወርና ሦስት ቅርንጫፍ ያስፈልገኛል» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመውም ያንን እንደ ድክመት ሳይቆጥር ሁለቱን ወር መስጠት አለበት። እርሱ ይህን እስካልተማረ ድረስ፣ በሥሩ ያለው ሠልጣኝ ሥራው ቀድሞ የተወሰነውን የሚያስጌጥ ሰሌዳ መሥራት ብቻ ይሆናል፤ ጎበዙም ተሰላችቶ ይለቃል። ስለዚህ በአዲሱ በጀት ዓመት ለዳታ ሥልጠና ገንዘብ የሚመድብ ማንኛውም ድርጅት፣ የመጀመሪያዎቹን መቀመጫዎች ለሥራ አስኪያጁና ለመምሪያ ኃላፊዎቹ ይያዝ፤ አሠልጣኙም ትምህርቱን በድርጅቱ በራሱ የሚያዝያና የመስከረም መዝገብ እንዲጀምር ይጠየቅ።